አጥንት የሚጠግን ሐኪም መዝገብም ይያዝ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ስለ ኢትዮጵያ ሁለት ቁጥሮችን አቀራርቦ አስቀምጧል። የመጀመሪያው አገሪቱ ራሷ ያሳወቀችው ነው፤ በ2016 በትራፊክ አደጋ የሞቱት ከ5,000 ያነሱ መሆናቸውን ይናገራል። ሁለተኛው የድርጅቱ ባለሙያዎች በስሌት የደረሱበት ግምት ሲሆን ከ27,000 ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ሞት እንኳ ይህን ያህል በሚያከራክርበት አገር፣ ከአደጋው በሕይወት ተርፎ ወገቡ የተሰበረውን፣ አልጋ ላይ የቀረውን፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ከስድስት ወር በኋላ ገጠር ቤቱ በመኝታ ቁስል ያረፈውን ማን ቆጠረው? ትራፊክ ፖሊስ አልቆጠረውም፤ አደጋው ቦታ ላይ አልሞተምና። ሆስፒታሉም አልቆጠረውም፤ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለምና።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው። የአጥንትና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም የሚያካሂደው ምርምር ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። የሕክምናው አካል ነው። የሠራው ኦፕራሲዮን ከዓመት በኋላ ምን እንዳመጣ የማያውቅ ሐኪም፣ እጁ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ነገ ለሚመጣው ሕመምተኛ የሚሰጠው ምክር በግምትና በትዝታ ላይ የቆመ ነው። ትዝታ ደግሞ ያዳላል፤ ድኖ ሊያመሰግን የተመለሰው ይታወሳል፣ ቤቱ የቀረው ይረሳል። ብዙ ሰው ምርምርን የሀብታም አገር ጉዳይ አድርጎ ያስባል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ሀብታም አገር ለማይጠቅም ሕክምና ለዓመታት ሲከፍል ሊኖር ይችላል፤ በጀቱ ይችለዋል። አጥንት የሚያያዝበት ብሎን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛበት፣ አንዱን የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ብዙ ተረኞች የሚጠብቁበት አገር ግን በማይጠቅም ነገር ላይ የሚያጠፋው ብርም ሰዓትም የለውም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት የወገብ ስብራትን እንውሰድ። ከጎድን አጥንቶች ጋር የተያያዘው የጀርባ ክፍል ብዙ አይተጣጠፍም፤ ከሱ በታች ያለው ወገብ ግን ይተጣጠፋል። ግትሩና ተጣጣፊው በሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም በመጨረሻው የደረት አከርካሪና በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ አካባቢ፣ በአደጋ ጊዜ የሚመጣው ኃይል ይሰባሰባል። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ በተረከዙ ወይም በመቀመጫው ያረፈ የቀን ሠራተኛ፣ በተገለበጠ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ የነበረ ተሳፋሪ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚሁ ላይ ነው። አጥንቱ ከላይ ወደ ታች ተጨፍልቆ ይፈነዳል፤ አንዳንዴም ስባሪው ወደ ኋላ ተገፍቶ ኅብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበትን ቦይ ያጠበዋል። ከዚያ በኋላ የሰውየው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ነርቩ በተጎዳበት መጠን ነው።

ይህን ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ኤምአርአይ አይደለም። ሐኪሙ የእግሩን አውራ ጣት እንዲያንቀሳቅስ ይጠይቀዋል፤ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ኃይሉን ከ0 እስከ 5 ይመዝናል፤ በመርፌ ጫፍና በጥጥ ቆዳውን እየነካ ስሜቱ የት ላይ እንደሚያቆም ይፈትሻል። በመጨረሻም በፊንጢጣ ዙሪያ ያለውን ስሜት ይመረምራል። ለሕመምተኛውም ለአስታማሚውም የሚያሳፍር የሚመስለው ይህ ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ወሳኝ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ስሜት ከቀረ ጉዳቱ ሙሉ አይደለም፣ የመሻሻል ተስፋውም በእጅጉ ይለያል። ውጤቱ ከኤ እስከ ኢ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በአንዲት ፊደል ይጻፋል። ኤ ማለት ከጉዳቱ በታች እንቅስቃሴም ስሜትም የለም ማለት ነው፤ ኢ ማለት ሁሉም ደኅና ነው። ያቺ ፊደል ሕመምተኛው በገባበት ዕለት ካርዱ ላይ ካልሰፈረች ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ መነሻ የለውም። “ሁለት እግሩ አይንቀሳቀስም” ተብሎ ብቻ የተጻፈለት ሰው ከዓመት በኋላ በክራንች እየተራመደ ቢመጣ፣ ያሻለው ኦፕራሲዮኑ ይሁን ወይም መጀመሪያውኑ ጉዳቱ ከፊል ስለነበረ በራሱ ጊዜ ተሽሎት ይሁን ማንም ሊናገር አይችልም። ምርምር የምለው ከዚች ፊደል ይጀምራል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ኮምፒውተር የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመጣው ይህ ካለ ብቻ ነው።

ውጤትን ተከታትሎ መመዝገብ ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ማስረጃ ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች፣ አከርካሪያቸው ፈንድቶ ነገር ግን ያልተናጋና ነርቫቸው ያልተነካ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹን በኦፕራሲዮን፣ ግማሾቹን በጄሶ ወይም በመደገፊያ አከሙ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታተም እስከ መጨረሻው የተከታተሏቸው 47 ሰዎች ነበሩ፤ ትንሽ ጥናት ነው። ውጤቱ ግን የብዙ ሐኪሞችን ልማድ የሚፈትን ሆነ። ኦፕራሲዮኑ ያስገኘው ብልጫ አልታየም፤ ተጓዳኝ ችግሩ ግን በዝቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ በዚህ አላቆሙም። ከ16 እስከ 22 ዓመት ቆይተው እነዚያኑ ሰዎች አፈላልገው ጠየቁ፤ ያልተቀደዱት ሕመማቸው ያነሰ፣ የዕለት ሥራቸውን የመሥራት አቅማቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ካናዳ ውስጥ በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 96 ተመሳሳይ ሕሙማንን ወስዶ፣ ለግማሾቹ በልክ የተሠራ የወገብ መደገፊያ አሰረላቸው፣ ለቀሩት ምንም አላሰረላቸውም። በሦስተኛው ወር ሁለቱም እኩል ነበሩ። ነርቩ የተጎዳ ወይም አከርካሪው የተናጋ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን ከኦፕራሲዮን ማስቀረት ጥፋት ይሆናል። ይህን የምለው አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ ተነሥቶ ሐኪሙ ያዘዘለትን ኦፕራሲዮን እንዳይተው ነው። ነገር ግን ለሦስተኛው ዓይነት ሕመምተኛ፣ ለዚያ ነርቩ ደኅና ለሆነውና ስብራቱ ጽኑ ለሆነው ሰው፣ ብሎንና ዘንግ ፍለጋ ቤተሰብ ከብት ከመሸጡ በፊት እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ነገር አላቸው። እነሱን የጻፉት ሐኪሞች መዝገብ ባይይዙ ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከክፍት ስብራት ነው፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣበት፣ አፈርና የጨርቅ ክር የገባበት ስብራት። እንዲህ ያለው ቁስል ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በብዙ ፈሳሽ መታጠብ አለበት፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ በምን ይታጠብ፣ በምን ኃይል ይታጠብ የሚለው ነበር። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ልዩ መሣሪያ ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ ሳሙና ይጨመርበት የሚሉም ነበሩ። በአምስት አገሮች ወደ 2,500 የሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተካሄደው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 መልሱን ሰጠ። ግፊቱ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ለውጥ አላመጣም። ተራው የጨው ውኃ ደግሞ ከሳሙናው በለጠ፤ በሳሙና ከታጠቡት ውስጥ እንደገና ኦፕራሲዮን ያስፈለጋቸው 14.8 በመቶ ሲሆኑ፣ በጨው ውኃ ከታጠቡት 11.6 በመቶ ነበሩ። በየትኛውም የወረዳ ሆስፒታል የሚገኘው፣ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ በራሱ ክብደት የሚወርደው ፈሳሽ ውዱን መሣሪያ አላስፈላጊ አደረገው። ምርምር ድሃውን ይጠቅማል ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

ሕይወት ያተረፈም አለ። ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ መስጠት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በብዙ አገር ልማድ ሆኖ ነበር። ለጭንቅላት ጉዳትም እንዲሁ ይሰጥ ነበር። በ49 አገሮች 10,008 የጭንቅላት ጉዳተኞችን የያዘው ጥናት በ2004 ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 17.9 በመቶ ሆነው ተገኙ። ይጠቅማል ተብሎ በቅንነት የተሰጠ መድኃኒት ሰው ይገድል ነበር። የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራትም በ2013 ባወጡት መመሪያ ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት እንዳይሰጥ መከሩ።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ጥናቱ ከተሠራ፣ ከታተመም፣ አንብቦ መጠቀም አይበቃም ወይ? አጥንት አዲስ አበባም ቶሮንቶም አጥንት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ስለ ጨው ውኃው ሌላ ጥናት አያስፈልገንም። ይሁን እንጂ ከስብራቱ በላይ ውጤቱን የሚወስኑ ነገሮች አሉ፤ ሰውየው በስንት ሰዓት ደረሰ፣ በምን ተጭኖ መጣ፣ ማን አስታመመው፣ ወደ የትኛው ቤት ተመለሰ። እነዚህ ከአገር አገር ይለያያሉ። በሰሜን አሜሪካ የተካሄደና በ2012 የታተመ ጥናት አንገታቸው ላይ ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን ተመልክቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 19.8 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ሁለት ደረጃ ሲሻሻሉ፣ ዘግይተው ከተደረጉት ግን 8.8 በመቶ ብቻ መሻሻላቸውን አሳይቷል። በ2021 የወጣው ሰፊ ትንተና ከ1,500 በላይ ሕሙማንን አሰባስቦ፣ የመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 36 ሰዓታት ወሳኝ መሆናቸውን አጠናክሯል። መልካም። ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እየተላከ በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ቀን የሚደርሰው የእኛ ሕመምተኛ ግን በየትኛው ጥናት ውስጥ ነው? በአሥረኛው ቀን መሥራት ይጠቅመዋል ወይስ የኢንፌክሽንና የገንዘብ ሸክም ብቻ ይጨምርበታል? ይህን ሊመልስ የሚችለው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በየሳምንቱ የሚያይ ሐኪም ነው። ቶሮንቶ ያለው ሐኪም ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ ሕመምተኛው የለውም።

ከዚህም የሚከብድ ምሳሌ አለ። አከርካሪው የተጠረጠረ ሰው በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ታስሮ፣ አንገቱ በመደገፊያ ተይዞ ብቻ ይንቀሳቀስ የሚለው ሕግ በመላው ዓለም ለአሥርት ዓመታት ተሰብኳል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ግን በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሁሉም እንዲህ ታስረው የመጡ 334 ሕሙማንን፣ በማሌዢያ ኳላ ላምፑር ማንም ሳያስራቸው ከደረሱ 120 ሕሙማን ጋር አነጻጸረ። የነርቭ ጉዳት የበዛው በአሜሪካኖቹ ላይ ነበር፤ 21 በመቶ ከ11 በመቶ። ጥናቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ካርድ ያየ ስለሆነ ደካማ ጎን አለው፤ ማሌዢያ ውስጥ በጣም የተጎዱት ሆስፒታል ሳይደርሱ ሞተው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጥያቄውን ከፍቶታል። ኢትዮጵያ ውስጥ አምቡላንሶቹ በዋናነት ለወላድ እናቶች የታሰቡ ናቸው፤ ተጎጂውን ከአስፋልት የሚያነሡት መንገደኞች ናቸው፤ የሚጫነውም ባገኘው ታክሲ፣ ባጃጅ ወይም ጭነት መኪና ነው። ውስን በጀት ካለን ሰሌዳና የአንገት መደገፊያ ብንገዛ ይሻላል ወይስ ሰውየው ቶሎ እንዲደርስ ብናደርግ? ጭንቅላቱን አንድ ሰው በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌሎቹ ባንድ ላይ ያንሡት፣ ወገቡ አይጠምዘዝ የሚለውን ምክር ዛሬውኑ ለሹፌሮችና ለትራፊክ ፖሊሶች ማስተማር ይገባል፤ ወጪ የለውም። ግዢውን ግን ማስረጃ ሊመራው ይገባል፤ ማስረጃውም ከዚሁ አገር መንገድ ላይ መምጣት አለበት።

የራሳችን ጥናት የራሳችንን ችግር ሲፈታ የታየበት ጊዜ አለ። በአገራችን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ክፍያው ቀላል ነው፣ በአካባቢው የተከበረ ነው፤ ቀላል ስብራትንም በደንብ ያድናል። ጉዳቱ የሚመጣው የቀርከሃው ማሰሪያ ሲጠብቅ ነው። ያበጠው እጅ ወይም እግር መላወሻ ያጣል፣ ደም አይደርሰውም፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ቀላል የክንድ ስብራት የነበረው ልጅ እጁ ተቆርጦ ይመለሳል። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ወጌሾችን ከማውገዝ ይልቅ ሰብስቦ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጣቸው፤ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በዚህ ምክንያት ጋንግሪን ይዘው የመጡትን ቆጠረ። ቁጥሩ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ በሁለት ገጽ ታተመ። የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ሁለት ገጽ ወረቀት፣ የተረፉ እጆችና እግሮች። ይህን ጥያቄ ለንደን ያለ ተመራማሪ አያስበውም፤ ቢያስበውም መልሱን የሚያገኝበት ቦታ የለውም።

ብርቱው ተቃውሞ ግን ከዋርዱ ውስጥ ነው የሚመጣው። ሕሙማን በኮሪደር ተኝተው፣ ብሎን ጠፍቶ፣ አንድ ሬዚደንት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀድድ አድሮ፣ ቅጽ ሙላ ማለት ጭካኔ አይሆንም ወይ? መጀመሪያ ዕቃው ይሟላ፣ ምርምሩ ይደርሳል ይላሉ። ድካሙን አልክድም፤ የሚናገሩትም ሰዎች በየዕለቱ የሚደክሙ ናቸው። ነገር ግን ዕቃውና መዝገቡ ተነጣጥለው የሚሄዱ ነገሮች አለመሆናቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራበት አንድ አሠራር ያሳያል። ሉዊስ ዘርክል የተባሉት፣ በቬትናም ጦርነት በወታደር ሐኪምነት ያገለገሉት አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ የጭንና የቅልጥም ስብራት ከውስጥ የሚያዝበትን ዘንግ፣ ኦፕራሲዮን ላይ ራጅ የሚያሳየው ማሽን በሌለበት ክፍል እንኳ እንዲገባ አድርጎ ይሠራዋል፤ ለድሃ አገር ሆስፒታሎችም በነፃ ይሰጠዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ጨምሮ በአገራችን ያሉ ሆስፒታሎች ይጠቀሙበታል። የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ያለ ራጅ ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይልካል፤ የተጠቀመበት ዘንግ ይተካለታል። እንግዲህ በሥራ የተወጠረው ያው ሐኪም ሪፖርቱን ይጽፋል፤ ዕቃውን የሚያመጣለት ሪፖርቱ ስለሆነ። የዚህ መዝገብ ጉድለት ለክትትል ተመልሶ የሚመጣው ሕመምተኛ ማነሱ ነው። እሱም ቢሆን የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኩት የሰሜን አሜሪካው የ2012 ጥናት ከያዛቸው 313 ሰዎች ውስጥ በስድስተኛው ወር ያገኘው 222ቱን ነው። ሦስት እጅ ሲሆኑ አንዱ እጅ ገደማ ጠፍቶባቸውም የቀረው ዕውቀት ሕክምናን ቀይሯል።

“ሽባ ለሆነ ሰው መቁጠር ምን ይፈይድለታል፣ ኅብለ ሰረሰር አይገጠም” የሚሉም አሉ። ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. እስከ 1940ዎቹ ድረስ የአብዛኞቹ የዓለም ሐኪሞች አስተሳሰብ ነበር፤ ወገቡ የተመታ ወታደር በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን እስኪሞት ድረስ ጥግ ይደረግ ነበር። ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት አይሁዳዊው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ሲከፍቱ አዲስ መድኃኒት አልነበራቸውም። ሕመምተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ፤ ፊኛውን አስጠበቁ፤ እንዲቀመጥ፣ እንዲሠራ፣ እንዲጫወት አደረጉ፤ የሆነውንም መዘገቡ። ሞት ቀነሰ። አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ አንገቱ ሲጎዳ የተላከው ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር። አራቱም እጅና እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ሆነው የገባው ሰው እጆቹን አግኝቶ ወጣ፤ በ1962 ዓ.ም. ክረምትም በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፈ። የእሱን የጉዳት ታሪክ በወርና በዓመት የምናውቀው አበበ ስለሆነ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው መንገድ የተጎዳ ሌላ ኢትዮጵያዊ ምን እንደሆነ የጻፈ የለም፤ ዛሬም ቢሆን ብዙ አልተለወጠም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ያለዕድሜው የመሞት ዕድሉ ከሌላው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ በድሃ አገሮች ደግሞ ይብሳል። ከሚገድሉት ነገሮች ብዙዎቹ በመገላበጥና በንጽሕና የሚቀሩ ናቸው። አንድ ዋርድ በወር ስንት የመኝታ ቁስል እንደወጣበት ካልቆጠረ ግን መቀነሱን በምን ያውቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያገራችን አባባል ለሆስፒታልም ይሠራል።

ሌላም ቅሬታ አለ፤ እሱን በከፊል እጋራዋለሁ። ምርምር ለማዕረግ ዕድገት ብቻ የሚሠራ ሆኗል፤ የውጭ ቡድን መጥቶ መረጃ ሰብስቦ ይሄዳል፤ ስሙ ከፊት ይጻፋል፤ ዋርዱ እንደነበረ ይቀራል። እውነት ነው፣ ይህ ሆኗል። መፍትሔው ግን መረጃን አለመሰብሰብ ሊሆን አይችልም፤ የራስን መዝገብ መያዝ ነው። መዝገቡ የሆስፒታሉ ከሆነ ጥያቄውን የሚመርጠው የዋርዱ ሐኪም ነው፤ እንግዳውም ተባባሪ ሆኖ ይገባል። ያሁኑ አካሄድ ለብዝበዛ የሚያመቸው ባዶ እጅ ስለሆንን ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው አለን። በየዩኒቨርሲቲው የአጥንትና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች ለመመረቅ ጥናት ይጽፋሉ። አንዱ የዚህን ዓመት ካርድ፣ ሌላው የሌላውን ዓመት፣ እያንዳንዱ በራሱ ቅጽ፣ የጠፋውን ካርድ ካርድ ክፍል ውስጥ እያሰሰ። ሥራው ሲያልቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ አንድ የጋራ መዝገብ ቢገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ታሪክ ይኖረናል። ቅጹ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። አደጋው ምን ነበር፣ በስንት ሰዓት ደረሰ፣ ሆስፒታል በስንት ሰዓት ገባ፣ በምን ተጭኖ መጣ፣ ያቺ ከኤ እስከ ኢ ያለችው ፊደል በገባበትና በወጣበት ዕለት ምን ነበረች፣ ምን ተደረገለት፣ የመኝታ ቁስል ወጣበት ወይ። ከዚያ ሁለት የስልክ ቁጥሮች፤ የራሱና የአስታማሚው። በሦስተኛው ወርና በዓመቱ አንድ ጸሐፊ ደውሎ አራት ነገር ይጠይቃል፤ በሕይወት አለ? ይራመዳል? ይሠራል? ቁስል አለው? ይህን ቀዶ ሐኪሙ መሥራት የለበትም፤ ለአንድ ሆስፒታል አንድ የመረጃ ሠራተኛ ይበቃል። ጤና ሚኒስቴር ይህን ቅጽ በሪፈራል ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ያድርገው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በበጀት ይያዘው፤ ለጉዳተኛው ካሳ የሚከፈልበት የሦስተኛ ወገን መድንም ከወጪው ድርሻ ቢወስድ ተገቢ ነው፤ ስለ ጉዳቱ ትክክለኛ መረጃ ቀዳሚ ተጠቃሚው እሱ ነውና። ዩኒቨርሲቲዎችም አንድ ሬዚደንት ለመዝገቡ ያበረከተውን ሥራ እንደ መመረቂያ ጥናት ይቁጠሩለት።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። ቤተሰባችሁ ውስጥ አከርካሪው ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ሰው ካለ፣ የነርቭ ምርመራው ውጤት በገባበት ዕለት ካርዱ ላይ መጻፉን ሐኪሙን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፣ ሐኪሙም አይቀየምም። ሲወጣ ሁለት የሚሠሩ ስልክ ቁጥሮች አስመዝግቡ። ከወራት በኋላ ከሆስፒታል ተደውሎ ስለ ሰውየው ከተጠየቃችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ተሽሎት እንደሆነ፣ አልተሻለው እንደሆነ፣ ሞቶም ከሆነ መሞቱን፣ በምን እንደሞተም ጭምር።